ከድንኳን ያልወጣችው ወይዘሮ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚኒባስ ስንሄድ ሙቀቱ ሁላችንንም አፍዝዞናል። ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ላይ የጦርነት ጌም ትጫወታለች፤ አጠገቧ ያሉት እናት ያያሉ።

«ድንኳን ውስጥ ያለችው ማን ናት ልጄ?»

«ወይዘሮ ናት እትዬ፣ የመሳፍንት ዘር። ግን ወታደር ናት።»

«ሌሎቹ ወታደሮች ሲጨዋወቱ እሷ ለምን ብቻዋን ሆነች?»

«ጎን ለጎን የተዋጉ ናቸው የሚዋደዱት። እሷን አላዘምታትም፤ እዚህ ጌም ላይ የሞተ አይመለስም። ስለምወዳት ነው።»

«እኔም የአጣዬው ቤታችን ከነደደ ወዲህ ልጄን ከደጅ አላስወጣኋትም። ወላሂ፣ ዛሬ አንድ ጓደኛ የላትም።»

«ታዲያ ከዚህ ቀስተኛ ጎን ላሰልፋት?»

«አሰልፊያት። አላህ ይጠብቃት።»

ውጊያውን በትከሻዋ በኩል ስከታተል መውረጃዬ አለፈኝ፤ ወይዘሮዋ ግን ገና ከውጊያው አልተመለሰችም ነበር።