አራተኛው ዓረፍተ ነገር

ከጊንጪ ወደ አምቦ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን ተማሪ አናገሯት።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«የቤት ሥራ፣ እማማ። ‹ኖ ማተር ዋት› በሚለው አምስት ዓረፍተ ነገር እንሠራለን። ሦስት ጨርሻለሁ።»

«ምን ማለት ነው?»

«‹ምንም ቢመጣ› ማለት ነው፤ ነገር ለማጥበቅ። ‹ምንም ቢመጣ አበበ ትምህርት ቤት ይሄዳል› ብያለሁ።»

«አበበ ማነው?»

«ማንም አይደለም፤ ለምሳሌ ነው።»

«ለሌለ ሰው ከምትደክሚ የኔን ልጅ ጉታን አስገቢው። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ደብዳቤው ቀርቷል። ‹ምንም ቢመጣ ጉታ ይመለሳል› በይ።»

«እሺ፣ ጻፍኩት።»

«አስተማሪሽ ምን ይለዋል?»

«ልክ ከሆነ ራይት ያደርግበታል።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ እማማ።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። እንግዲያው ሳይረሳ ያድርግበት።»

አምቦ እስክንደርስ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ በልቤ ደጋገምኩት።