«ተከራይ የለኝም»

እማማ ታንጉት ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሲመለሱ መምህር ናሁሰናይን ድልድዩ ላይ አገኙት። አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉት ነበር፤ ልጁ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነው፣ ጸሐፊ ደግሞ ወረቀት አያጣም።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ጥድፊያው ምንድን ነው?»

«ተወኝ የኔ ልጅ። ተከራዬ ዘይቱና ዛሬ ጓዟን እየጫነች ነው። የቡሬ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ንግዷ ቆሞ ኪራዩ አቃታት። እኔም የልጅ ልጄን ያምሮትን የማስተምረው በእሱ ነው። የአምስት ወር ሕፃን አቅፋ፣ በዚህ ዝናብ፣ ደምበጫ ድረስ! ሳትሄድ ልድረስባት ብዬ ነው።»

ናሁሰናይ ደነገጠ። «እድሩ እኮ ኪራይ ላቃተው ሦስት ወር ይከፍላል፤ ያውም በቀጥታ ለአከራዩ። ልንመዘግብ ስንመጣ ‹ተከራይ የለኝም፣ የእህቴ ልጅ ናት› አላሉንም?»

እማማ ታንጉት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ለመሆኑ እህትዎ ወለተ ሐና መቼ ሰለሙ?»

«አትሳቅብኝ አንተ! አባቴ በደርግ ጊዜ ሁለተኛ ቤቱን አስመዝግቦ፣ ‹ትርፍ ነው› ተብሎ ተወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዘ ሰው ግቢዬ ሲገባ ቤቴን ሊወስድ የመጣ ይመስለኛል።»

ፍርሃታቸው ከመሬት የበቀለ አልነበረም። ናሁሰናይም ይህን ሲሰማ ፌዙን ተወ።

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም። ይህ ግን እርስዎ ራስዎ በየወሩ የሚያዋጡለት እድር ነው። ቤትዎን የሚነካ ቃል የለበትም። እድሩ ይከፍላል፣ እርስዎ አያስወጧትም፤ ይኸው ነው።»

«ከሦስት ወር በኋላስ ባይኖራት?»

«ያኔ እድሩ ባለበት ሁለታችሁም ትነጋገራላችሁ። አሁን እኮ እሷ አፍራ፣ እርስዎ ፈርተው፣ ዝም ተባብላችሁ ነው ቤቱ የሚዘጋው። ባዶ ክፍል ያምሮትን ያስተምራል?»

አሮጊቷ ጥቂት ተራመዱና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ጣሪያውም ያፈሳል» አሉ። «ነግራኝ ነበር። ኪራይ ሳትሰጥ ምን ቆርቆሮ ያስጠይቃታል ብዬ...»

«እሱም በምንጽፈው የኪራይ ውል ላይ ይሰፍራል፤ ክፍያው እጅዎ እንደገባ ያሳድሱታል።»

አብረው ሲደርሱ ግቢው ደጃፍ ጋሪ ቆሟል። ዘይቱና ሕፃኗን ሃያትን አዝላ የመጨረሻውን ፍራሽ ታስራለች።

«አውርድ!» አሉ እማማ ታንጉት ባለጋሪውን።

«ምን ሆኑ እማማ? ጥፋት አለብኝ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። እርዳታ ሲመጣልሽ ዘመዴ ናት ብዬ ደበቅሁሽ።» ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። «በል ጻፍ፤ ዘይቱና የታንጉት ተከራይ ናት። ጣሪያዋንም አትርሳ።»

ከዚያም ውሉ ሥር ስማቸውን ፊደል በፊደል ጻፉ።

መንገዱ በሁለተኛው ወር ተከፈተ፤ ዘይቱናም ወደ ቡሬ ገበያዋ ተመለሰች፤ ሦስተኛውን ወር ራሷ ከፈለች። ያምሮት ከትምህርቷ አልቀረች፣ ሃያትም ከማያፈስ ጣሪያ ሥር ዳኸች። በእድሩ ስብሰባ ጎረቤታቸው እታለም፣ «ግቢዬ ያለው ልጅ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ተከራይ የለኝም» ስትል እማማ ታንጉት ከኋላ ብድግ አሉ።

«ውሸቷን ነው! እኔም ብዬው ነበር። መዝግባት።»