ክብር ያዳከመው ጉልበት

ከሆሳዕና ተሳፍረን ፎንቆ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። ከሚኒባሱ ልንወርድ ስንል በሩ ላይ መንገድ ተዘጋብን፤ ረዳቱና አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ አንድ ሽማግሌ በብብታቸው ይዘው እያወረዱ ነበር። ጠጋ ብዬ ባይ፣ ለወራት ያላየኋቸው ጎረቤቴ አቶ ሊሻን ናቸው! ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው እየዞሩ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው እንዲህ ይሁኑ?

«አይ መምህር፣ እንዲህ ሆኜ ባታየኝ ይሻል ነበር» አሉኝ፣ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው እየሳቡ።

አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ርብቃ ናት። ሥራዋ የደከመ እግርና እጅ በእንቅስቃሴ እንዲበረታ መርዳት ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ይሉታል። ሽማግሌውን ይዘን እስከ ቤታቸው ሸኘናቸው። ምራታቸው ሂሩት እየሮጠች ወጣች፤ ወንበር አቀረበች፣ ትራስ ደረበች፣ ጫማቸውን አወለቀች። ርብቃ እያንዳንዱን ታስተውላለች። እኔም ጠየቅኳቸው።

«ምን ነካዎት ጋሼ?»

«ደጋው ነዋ! ብርዱ ጉልበቴን መጠጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ከሀቢቾ ወዲያ፣ ቆላ ካለው ልጄ ዘንድ እገባለሁ። ባለቤቴ ያረፈችው እዚህ ነው፤ እኔም እዚሁ ባርፍ ነበር ምኞቴ። ምን ይደረግ?»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ርብቃ፣ «እስቲ በእጅዎ ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሱልኝ።»

ሞከሩ። ግማሽ ድረስ ተነሱና ዘጭ አሉ። ሂሩት ልትደግፋቸው ስትሮጥ ርብቃ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ዕድሜ ሲገፋ የሁሉም ሰው ጡንቻ እየመነመነ ይሄዳል፣ አባባ፤ ደገኛም ይሁን ቆለኛ።»

«ታዲያ ደጋው ምንም የለበትም ነው የምትዪኝ?»

«ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል፤ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፣ ገና እየተጠና ነው። ግን እዚያ ማዶ ዳገቱ ላይ ከብት የሚያግዱ የእርስዎ እኩዮች የሉም? የሚተነፍሱት ይህንኑ አየር አይደለም? እርስዎ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?»

አቶ ሊሻን ፈገግ አሉ። «እንደ ንጉሥ ነዋ! ውኃው እጄ ላይ ይፈስልኛል። እንጨት ልፍለጥ ስል ልጄ አጵሎስ መጥረቢያውን ይቀማኛል። አባቱን ያሠራል ብለው ያሙታላ!»

«ምግብስ?»

«ለስለስ ያለውን ነው። የቡላ ገንፎ፣ ሻይ በዳቦ። ሥጋና አይቡ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ለተቀመጠ ምን ያደርግለታል?»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። ሽማግሌ ማክበራችን ደግ ነው፤ እኮራበታለሁ። ነገር ግን የደህናውን ሰው እግር ወንበር ላይ አስሮ ገንፎ ማብላት ክብር ነው ያለው ማነው? ይህንኑ ስናገር ሽማግሌው ተቆጡ።

«መምህር፣ ልክህን እወቅ! ልጆቼ ስለሚወዱኝ ነው። አሁን ዶማ ይዤ ወጥቼ ልጄን በአገር ላሰድበው?»

«መውደዳቸው ሐቅ ነው» አለች ርብቃ በትሕትና። «ግን የማይሠራ ጡንቻ ይከሳል፤ የማይመገብም እንዲሁ። ቡላ ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይገነባም። እንቁላል፣ አይብ፣ ባቄላና አተር ይጨመርበት። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ዳገቱን ቀስ እያሉ መውጣት፣ ግማሽ ባልዲ ውኃ ማንሳት ይልመዱ። መጀመሪያ ግን ልብዎና የደም ግፊትዎ ይታይ፤ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙ።»

«እሱን ሁሉ ከምለፋ ቆላ ብወርድስ?»

«ቆላም እኮ ወንበር አለ፣ አባባ።»

ሂሩት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ የቀጠነ ጭናቸውን በእጃቸው ሲዳብሱ ቆዩ። በመጨረሻ አጵሎስን አስጠሩት።

«ልጄ፣ ቆላው እስከ በልግ ይቆየኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስነሳ እንዳትደግፈኝ፤ መጥረቢያዬንም መልስልኝ። የሚያማህ ካለ ወደ እኔ ላከው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«እኔ እኮ ላከብርዎት ብዬ ነው…» አጵሎስ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አሁን ደግሞ ታዘዘኝ።»

የልባቸውና የደም ግፊታቸው ምርመራ ደህና ሆነ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ማማቱ አልቀረም፤ ሽማግሌውም ጉልበታቸው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ርብቃን ሲረግሟት ሰምቻለሁ። ግን አልተዉትም። ዛሬ ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ለእርቅ ሲጠሩ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሂሩት እፎይ አለች፤ አጵሎስም አባቴ በእጄ ላይ ደከሙ የሚለው ጭንቀት ለቀቀው። ሲያሙ የነበሩትም አሁን ሽማግሌዎቻቸውን ከወንበር እያስነሱ ነው።

የበልጉ ዝናብ እንደጣለ የቆላው ልጅ አባቱን ሊወስድ መኪና ይዞ መጣ። ጓሮ ወስጄ አሳየሁት። አቶ ሊሻን እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በላብ ተነክረው፣ የእንሰት ችግኝ ይተክላሉ።

«አባቴ! ዕቃዎ አልተሰበሰበም?»

«የምን ዕቃ?» አሉት ቀና ሳይሉ። «ይህ እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ያኔ ና፤ እኔው ነቅዬ አበላሃለሁ።»