ስለቷን አልበላችም

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ከይፋግ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፤ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እኔ ሲሳይ ነኝ፣ የፈንታነሽ ታናሽ ወንድም። ገና ተማሪ ነኝ፤ በትልልቅ ሰዎች ፊት መናገር አይገባኝም ይሆናል። ዛሬ ግን እናገራለሁ።

ከትናንት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ «በሦስት ቀን ሕመም የተቀሰፈችው የማርያምን ስለት በልታ ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። እናቴም ሰምታለች። በልጇ ሞት ላይ ይህን ጨመራችሁባት።

ስለቷን አልበላችም! እህቴ ስለቷን አልበላችም!

ማን ነው ፈንታነሽ ለእመቤታችን ዋሸች የሚለው? እትዬ እቴነሽ፣ አንቱ ይመስክሩ። በአጥር ከእሷ ጋር የተጣላችሁ ጊዜ፣ ማታ አብረን ስንጸልይ «በደላችንን ይቅር በለን» ካለች በኋላ ቀጥ አለች። ነጠላዋን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቀጥዬ ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ብል ውሸታም መሆኔ ነው። እትዬ እቴነሽ ዘንድ ደርሼ መጥቼ እጨርሰዋለሁ።»

በዝናብ ወጣች። «ምን ሆንሽ፣ አንቺ እብድ!» ብለው በር የከፈቱላት አንቱ አይደሉም?

ስለቱስ ስለ ማን ነበር? ስለ እኔ። ታይፎይድ ሊገድለኝ ሲል፣ ከዳንኩ በእጇ ፈትላ ጋቢ ለማርያም ልትሰጥ ተሳለች። ዳንኩ። ሁለት ክረምት ፈተለች።

ያለፈው ኅዳር ጽዮን ማለዳ ውርጩን ታስታውሳላችሁ? ጋቢውን ይዘን ስንሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አንዲት የጉና ሴት ተቀምጣለች። ከሆስፒታል መውጣቷ ነው። አራስ ልጇን በነጠላ ጠቅልላዋለች፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ይህን ልጅ በምን ልታሞቂው ነው?» አለቻት እህቴ።

«በእግዜር፣ እታለም።»

«እግዜር መቼ ይፈትላል? እንቺ!»

ከቅዳሴ በኋላ ስለት የሚቀበሉት ጋሽ አስናቀ በማይክ ጠሯት። «ፈንታነሽ ሙሉቀን! ጋቢሽስ?» ሦስት ጊዜ። «ለማርያም ሰጥቻለሁ» አለች። ሳቃችሁ። እኔ ልናገር ስል ቆነጠጠችኝ። «ዝም በል! ያቺ ሴት ጋቢውን ለብሳ ስታልፍ ሰው እንዲጠቋቆምባት ነው?»

ዝም አልኩ። እናንተ ግን ዝም አላላችሁም።

አባቶቼ፣ እስቲ ንገሩኝ። በቤተልሔም በብርድ ልጇን ታቅፋ ያደረችው ማን ናት? ታዲያ ያ ጋቢ ለማን ተሰጠ?

የዚያች ሴት ልጅ ዛሬ እግር አውጥቷል። እሷም የእህቴን ሞት ሰምታ፣ ጋቢውን ለብሳ ከጉና መጥታለች። እዚሁ መካከላችሁ ቆማለች። ብዙዎቻችሁ ጋቢ ለብሳችኋል፤ የትኛዋ እንደሆነች አልነግራችሁም። ዞራችሁ አትፈልጓት!

ፈንታዬ፣ ቃልሽን ግማሹን አፈረስኩ፤ ማሪኝ። ግማሹን ጠብቄልሻለሁ። አሁን ካህናቱ አቡነ ዘበሰማያት ያስደግሙናል። እኔ «በደላችንን ይቅር በለን» ብዬ ቀጥ እላለሁ። ገና ይቅር አላልኳቸውም፤ በመቃብርሽ ላይ ውሸት አልጸልይም። ይቅር ያልኳቸው ቀን እዚሁ መጥቼ እጨርስልሻለሁ።

እስከዚያው ደህና ሁኚ፣ እህቴ።