«በፈቃዳቸው» የምትለዋ ቃል

ከብዙ ዘመን በኋላ አሶሳ ከተመለስኩ ወዲህ ደህና ነገር የምሰማው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ መጽሐፍ በምንጨዋወትበት ግቢ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን መምህሩ ጎረቤታችን ጌትነት ስለ አካባቢው ታሪክ የጻፈውን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ለተማሪዎች እንደገና ሊታተምለት ስለሆነ አስተያየት ፈልጓል። አንብቤዋለሁ። በደርግ ጊዜ እዚህ ስለ ሰፈርነው ስለ እኛ «በፈቃዳቸው መጡ» ይላል።

«ሰሞኑን ካነበብኩት የሳይንስ ልብወለድ ያንሳል» አልኩት።

«እትዬ ብርቄ፣ እሱ እኮ ፈጠራ ነው!»

«ፈጠራው ይሻላል። እዚያ ሰዎቹን ሌላ ፕላኔት ላይ ሊያሰፍሯቸው መንኮራኩር ላይ ሲጭኗቸው ወዴት እንደሚሄዱ አይነግሯቸውም። እኔን ከወሎ በጭነት መኪና ሲያመጡኝ ማን ነገረኝ? ያ ደራሲ ሳያየኝ ያውቀኛል፤ አንተ ጎረቤቴ ሆነህ አታውቀኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ረታሁት ብዬ ነጠላዬን ሳስተካክል፣ የአገሬው የበርታ ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ጓደኛችን ሐጃ ዘሃራ «እዚያ ፕላኔት ላይ ሰው ነበረ?» አለችኝ።

«ነበረ። ከድንጋይ ኋላ ተደብቆ ያያል።»

«እኛ አልተደበቅንም፣ ወላሂ! ከመኪና ስትወርዱ እናቴ በቅል ውሃ አመጣች። አንቺም ጠጣሽ።»

መኪናውን ስረግም ስኖር ቅሉን ረስቼው ነበር። እውነቷን ነው፤ ውሃው ጭስ ጭስ ይል ነበር።

ጌትነት እስክሪብቶውን አወጣ። «ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እትዬ?»

«"በፈቃዳቸው" የምትለዋን ሰርዝና ውሃውን ጻፍ» አልኩት። «መጀመሪያ ግን የእናቷን ስም ጠይቃት።»