ከጀብሪል ጋር የውሸት ደም ስናርም

ወገኖቼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዛሬ የምንሸኘው የሳይንስ መምህራችን ጀብሪል ኹሩጁ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ ቪዛው፣ ተመቶለት በመጪው ሳምንት ጠቅልሎ አገር ቤት ወደ ኮምቦልቻ ይገባል። እኔ ደግሞ ቀድሜው ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከእሱ ጋር ፊልም ከማየት በቀር ሥራ የለኝም። ስለዚህ ንግግሬ ምስጋናም ልመናም አለበት።

ጀብሪል ትምህርት ቤታችን የመጣ ዕለት እጅጌው በደም ርሶ አየሁት። ሮጬ ፋሻ አመጣሁ፤ ክንዱን ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጠቀለልኩለት። እሱም ዝም ብሎ አስጠቀለለኝ። ስጨርስ፣ «ወንድሜ፣ ካቻፕ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በጥንቃቄ ስትጠቀልል አሳዘንከኝ።»

የውሸት ደም አውቃለሁ የሚለው ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ!

የምናያቸውን ፊልሞች ታውቋቸዋላችሁ፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቢላ ይዞ ወጣቶችን የሚያሳድድባቸው ናቸው። እኛ እዚሁ ስደት አገር፣ ፉጣ ሰፈር ባለችው ቤቴ ተቀምጠን ስህተታቸውን እናርማለን። ቢላው ጎማ ስለሆነ ሲወጋ ይታጠፋል። ደም የሚረጨው ቱቦ ከሟቿ አንገትጌ ሥር ብቅ ይላል። ቅድም የተሰበረ መስኮት ቆይቶ ራሱን ጠግኖ ይገኛል።

ጩኸት ሲመጣ «አቁመው!» እላለሁ። ጀብሪል ያቆመዋል። «ምን አየህ መምህር?» ይለኛል። ምን አያለሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

አንድ ሐሙስ ግን በእርግጥ አየሁ። ብድግ ብዬ፣ «ቁስሉ ግራ ጉንጩ ላይ ነበር፤ አሁን ቀኝ ላይ ነው! ለዚህ ሥራ ዜሮ!» አልኩ። ጀብሪል ሻዩን ፉት አለና፣ «ያላ፣ ዜሮውን ለመስታወቱ ስጠው» አለኝ። ለካ ሰውየው መስታወት ፊት ቆሟል። ባለቤቴ ብሌን ዛሬም ጢሜን ስላጭ በሩ ላይ ቆማ፣ «የትኛው ጉንጭህ ነው?» ትለኛለች።

አሁን የምናገረው ቀልድ አይደለም። ብሌን ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ማንንም አላናግርም ነበር። ጀብሪል እንደ ልማዱ ሐሙስ መጣ፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ፊልሙን ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የልጅቷ ጫማ ቅድም ቀይ ነበር፤ አሁን ጠቆረ» አለ።

«ምን ጫማ? ባዶ እግሯን አይደለችም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

«እህ፣ እንደዚያ ነው?» አለ። ከዚያ ስለ ብሌን ነገርኩት፤ አለቀስኩም። ፊልሙ እየሄደ ሰማኝ። ጀብሪል ጫማ መኖር አለመኖሩን መለየት የሚያቅተው ሰው አይደለም። ወንድሜ፣ ያን ቀን ስለተሳሳትክልኝ አመሰግንሃለሁ።

እንግዲህ የማንጎ ጭማቂያችሁን አንሡ። ጤና ይስጥህ፤ ከልጆችህ ጋር የምትስቅበት ዕድሜ ይስጥህ፤ ኮምቦልቻ በደስታ ትቀበልህ። ለጀብሪል!

ልመናዬ ይኸው። አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ስልክ ከፍተን አንድ ፊልም አብረን እንድናይ ስጠይቅህ፣ «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» ብለህ አለፍከኝ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማየት አልችልም፤ እፈራለሁ። እባክህ ሻንጣህን ሳትዘጋ፣ ቢቻል እስከ ነገ፣ እሺ ወይም እንቢ በለኝ።