የአራተኛው ፎቅ ወበቅ

ጋሽ ቱንቢ ታላቅ እህታቸውን ሊቆጡ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ፣ ሦስተኛው ላይ ለማረፍ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስማቸው ሌላ ነው፤ ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ የገነቡት ግድግዳ ሁሉ ውልፍት ስለማይል፣ የሙያ ጓደኞቻቸው የግድግዳ ቀጥነት በሚለካበት በግንበኞች ቱንቢ ስም ጠሯቸው፤ በዚያው ጸና። ይህንንም ሕንፃ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እህታቸው ግን «ቤቱን ለቅቄ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው» የሚል መልእክት ልከውላቸዋል። «እኔ የሠራሁትን ቤት!» እያሉ ነው ደረጃውን የተያያዙት።

እዚያው ደረጃ ላይ አንዲት ወጣት ግድግዳውን ተደግፋ ላቧን ትጠርጋለች። በእጇ የሙቀት መለኪያና ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ናት፤ ነዋሪዎቹ «መላ በይን» ብለው ጠርተዋት ከጠዋት ጀምሮ ቤት ለቤት ስትለካ ውላለች።

«ደከመዎት አባባ?»

«እርጅና ነው ልጄ። አንቺንስ በዚህ ዕድሜሽ ምን አደከመሽ?»

«ይሄ ሕንፃ። የሠራው ሰው ፀሐይ የምትባል ነገር መኖሯን የሰማ አይመስልም።»

«ሰምቷል» አሏት ጋሽ ቱንቢ፤ «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ክው አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ቀደመኝ።»

«የለም፣ ከጀመርሽው ጨርሺው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። አንድ ስንጥቅ አሳዪኝ።»

«ስንጥቅስ የለውም፤ ፈልጌም አጣሁ። አጥንቱ እንዲህ የጠና ሕንፃ ብዙ አላየሁም። የተጎዳው ነዋሪው ነው እንጂ ሕንፃውስ ምንም አልሆነ።»

አፏ ቢቀድማትም ሥራቸውን አላቃለለችምና፣ ጋሽ ቱንቢ ጆሯቸውን አልነፈጓትም። የተማረ ሰው ሽማግሌን ሲሞግት ይህን ቢያውቅ ብዙ ጠብ በቀረ ነበር።

«ፀሐይ የሚያስገባውን የመስኮት መስታወት ያበዛሁት ዝም ብዬ መሰለሽ?» አሉ። «ያኔ ቤት አሠሪ ሁሉ ብርሃን፣ ብርሃን ነበር የሚለው። መስኮቱ ያነሰ ቤት ጎተራ ይባል ነበር።»

«ያኔ ልክ ነበሩ። ያኔ የሚሞቀው ሁለት ወር ነበር፤ ዛሬ አምስት ሆኗል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ በብርዱ ይተፋው ነበር፤ አሁን ማታውም አይበርድ። የትናንቱ ሙቀት ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። አየሩ ተለወጠ ጋሼ፤ ቤቱ ግን ባለበት ቀረ።»

«ማራገቢያ ይግዙና!»

«መብራት ሲጠፋስ? ደግሞ ማራገቢያ የጋለውን አየር ያዞረዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ይልቅ አብረን እንውጣና አንድ ክፍል ይዩ።»

ተደጋግፈው ወጡ። ጋሽ ቱንቢ መጀመሪያ ያዩት የእህታቸውን ፍራሽ ነው፤ መተላለፊያው ላይ፣ የሰው ጫማ በሚያልፍበት ሊሾ ላይ ተነጥፏል። እህታቸው ትራስ ተደግፈው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ግንባራቸው ላይ ፋሻ አለ።

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

«ወደቅሁ። ማክሰኞ ዕለት እክፍሌ ውስጥ አዞረኝ። ጎረቤት ባይሰማኝ ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ስትሠራው እንዴት እንደለፋህ አይቻለሁ። ቤትህ አቃጠለኝ ልበልህ? ሦስት በጋ እዚህ ተኛሁ፤ አንተ በመጣህ ቁጥር ፍራሼን እየጠቀለልኩ።»

ጋሽ ቱንቢ ወደ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፀሐይዋ በስስ መጋረጃው አልፋ ፊታቸው ላይ አረፈች። ከላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። የአልጋውን ብረት ቢነኩት ፋጃቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጠፈ፤ ልባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታ ጀመር። ቤት የሚያስረክቡት ሁልጊዜ በጠዋት ነበር። በዚህ ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከሠሯቸው ቤቶች በአንዱ እንኳ ተቀምጠው አያውቁም።

ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «መለኪያሽ ስንት ይላል?»

«አርባ አንድ።»

«ይፍረስ ብቻ አትበዪኝ እንጂ፣ ሌላውን ንገሪኝ።»

«ማፍረስማ የለም። በምዕራብ በኩል ያለውን መስታወት ግማሹን በብሎኬት እንድፈነው፤ ለቀረው ከውጭ ጥላ ይሠራለት። ከየበሩ በላይ የአየር መውጫ እንክፈት፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ጣሪያው ነጭ ይቀባ፤ ከሥሩ ኮርኒስ ይግባ።»

«መስታወቱን መድፈን ቤቱን ማሳወር አይሆንም?»

«ማንስ ያይበታል?» አሉ እህታቸው ከፍራሹ ላይ። «እኔ መጋረጃዬን ከገለጥኩ ስንት ዘመኔ።»

ጋሽ ቱንቢ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። የመጀመሪያውን መስታወት ያወለቁት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። ደረጃውን ሲወጡ ሁለቴ ያርፉ ነበር፤ ማረፋቸውንም አላፈሩበትም።

በሚቀጥለው በጋ የውጭው ሙቀት ካምናው ባሰ። ክፍሎቹ ውስጥ ግን መለኪያው ከሠላሳ ሁለት አላለፈም። ጥቅሙም በመለኪያ ብቻ የሚታይ አልነበረም። በወበቅ እንቅልፍ አጥተው በትንሽ በትልቁ ይናከሱ የነበሩ ጎረቤቶች ሰላም መባባል ጀመሩ፤ ተማሪው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ማጥናት ቻለ፤ በሽተኛና አራስ ያለበት ቤት አረፈ። ቤት የሰው ጤናና ጠባይ የሚሠራበት ቦታ ነውና፣ አየሩ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ እንዳለበት ጋሽ ቱንቢ ለጠየቃቸው ግንበኛ ሁሉ ያስረዱ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ቀኑ መሽቷል። እህታቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያዩዋቸዋል።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛህ።»

«ምነው አትቀሰቅሺኝም?»

«ደክሞሃል ብዬ ነዋ። ተኛ አሁንም።»

ጋሽ ቱንቢ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ።